ቀዳዳውን ማን ይሸከመዋል? ከብራና እስከ ድሪምላይነር

የዚህ የዓመት መጽሐፍ አዘጋጆች «ከሙያህ አንድ ታሪክ ጻፍልን፤ ቀመር ግን አታብዛ፤ ከሲቪልና ከሜካኒካል ውጭ የተመረቁትም ያነቡታል» ብለው አደራ ሰጥተውኛል። እሺ ብያለሁ። አንድ ቁጥር ብቻ ይፈቀድልኝ፤ እሱም 3 ነው። የምጽፈው ስለ ቀዳዳ ነው፦ በላሜራ፣ በአውሮፕላን ቆዳና በሶሌታ ላይ ስለሚገኝ ቀዳዳ፣ እንዲሁም ሰዎች ያንን ቀዳዳ በክርና በሙጫ ለማጠንከር ስለሄዱበት ረጅም መንገድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰፊ ላሜራ ከላይና ከታች ተይዞ ሲሳብ ውጥረቱ በመላ አካሉ እኩል ይከፋፈላል። መሃሉን በትራፓኖ ብትበሱት ግን ከቀዳዳው ግራና ቀኝ ባለው ከንፈር ላይ ውጥረቱ 3 እጥፍ ይሆናል። (ግራና ቀኝ ስል የትውልድ ከተማዬን ማንሣቴ አይደለም፤ እሷ ኋላ ትመጣለች።) ይህን እ.ኤ.አ. በ1898 በሒሳብ ያሳየው ኪርሽ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። የሚገርመው ነገር፣ ቀዳዳው የጣት ያህልም ይሁን የሰሃን ያህል፣ ላሜራው ከእሱ አንጻር ሰፊ እስከሆነ ድረስ ቁጥሩ ያው 3 መሆኑ ነው። በክረምት የሞላ ወንዝ መሃል የቆመ ቋጥኝ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ውሃው ቋጥኙ ጋ ሲደርስ አይቆምም፤ ተጨናንቆ በጎንና በጎኑ ያልፋል፤ ዳርና ዳሩን የሚቦረቡረውም እዚያ ጋ ነው። ጭነትም እንዲሁ ነው። ቀዳዳ ላይ ሲደርስ አይጠፋም፤ ዞሮ ያልፋል፤ ሲዞር ደግሞ ከንፈሩ ላይ ይጨናነቃል።

ከኪርሽ 15 ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ኢንግሊስ ስለ መርከብ ላሜራ እያሰበ ቀዳዳው ክብ ባይሆንስ ብሎ ጠየቀ። ቀዳዳው እየረዘመና እየቀጠነ ሲሄድ ነገሩ ይከፋል። ከውጥረቱ አቅጣጫ አግድም የተኛ፣ ርዝመቱ የስፋቱን 10 እጥፍ የሆነ ሞላላ ቀዳዳ ጫፉ ላይ 21 እጥፍ ያከማቻል። ስንጥቅ ማለት እንግዲህ እጅግ የቀጠነ ቀዳዳ ነው። የኢንግሊስን ጽሑፍ አይቶ የማያውቅ ጋራዥ ያለ በያጅ የተሰነጠቀ ሻንሲ ሲመጣለት መጀመሪያ የስንጥቁን ጫፍ በትራፓኖ የሚበሳው ለዚህ ነው። ስንጥቅን በቀዳዳ ማስቆም! ያልተማረ ሰው እብደት ይለዋል፤ ከ21 ወደ 3 መውረድ ነው።

ከሁለቱም በፊት ግን ነገሩን በእጃቸው የሚያውቁት ነበሩ። በገዳማትና በአብያተ ክርስቲያናት ያሉ የብራና መጻሕፍትን ያገላበጠ ሰው ገጹ መሃል ላይ ዙሪያውን በክር ወይም በጅማት የተሰፋ ቀዳዳ አይቶ ያውቃል። የፍየሉ ቆዳ ሲገፈፍ ቢላዋው ትንሽ ነክቶታል። ያ ጭረት ቆዳው መወጠሪያው ላይ ሲወጠር ይከፈታል፤ ዝም ከተባለም እየሰፋ ይሄዳል። ብራና የሚያዘጋጁት ሰዎች ታዲያ ቆዳው እርጥብ ሳለ ይሰፉታል። ጸሐፊውም ሲደርስበት ዙሪያውን አልፎ ይጽፋል፤ ፊደሉም እንደ ጭነቱ ዞሮ ያልፋል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ ስፌቱ ቀዳዳውን አይሞላውም። ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ክፍቱን ቀርቷል። ስፌቱ ያደረገው ከንፈሩን መያዝ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል እንጂ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በሙሉ እሱ ነው።

ዘመናዊው ዓለም ይህን ልዩነት የተማረው በብዙ ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1954 ኮሜት የተባለው የመጀመሪያው ጄት የመንገደኞች አውሮፕላን ኤልባ ደሴት አጠገብ አየር ላይ ተበተነ፤ በሚያዝያ ደግሞ ሌላው ኔፕልስ አጠገብ። መርማሪዎቹ አንድ ኮሜት ፋርንቦሮ ወስደው ውሃ ገንዳ ውስጥ ከተቱት፤ ሆዱን በውሃ እየነፉ እያስተነፈሱ ሲያስጨንቁት፣ ቀድሞ በእውን ከበረረው ጋር ተደምሮ ከ3,000 በላይ በረራ የሚመጥን ጊዜ ሲሞላው ቆዳው ተቀደደ። መነሻው በአካሉ ላይ የተከፈቱት ቀዳዳዎች ማዕዘን ነበር፤ እዚያ ደግሞ የሪቬት ቀዳዳዎች አሉ። ቀዳዳ አጠገብ ቀዳዳ፤ 3 ጊዜ 3 እንደ ማለት። ከዚያ ወዲህ የአውሮፕላን መስኮት ማዕዘኑ ክብ ሆነ፤ ዙሪያውም በወፍራም ፍሬም ታሰረ። የእኛ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በዳኮታ ጀምሮ ወደ ጄት የገባው እ.ኤ.አ. በ1962 መጨረሻ በቦይንግ 720 ነው፤ ማለትም ትምህርቱ በሌሎች ላይ ከተከፈለ በኋላ።

ታዲያ አገልግሎት ላይ ያለ፣ ከቀዳዳው ከንፈር ስንጥቅ የጀመረ ክንፍ እንዴት ይጠገናል? የተለመደው መንገድ ሌላ ላሜራ ደርቦ በሪቬት መምታት ነው። ችግሩ፣ እያንዳንዱ ሪቬት አዲስ ቀዳዳ ይፈልጋል። አንዱን ቀዳዳ ለማዳን ሃያ ቀዳዳ መብሳት! አለን ቤከር የተባለ ሰው ሜልቦርን በሚገኘው የአውስትራሊያ የአቪዬሽን ምርምር ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህን ሰንሰለት ቆረጠው። የቦሮን ክሮችን በኢፖክሲ አስይዞ እንደ ፕላስተር ስስ አድርጎ ሠራና ከተሰነጠቀው አሉሚኒየም ላይ በሙጫ ለጠፈው። መጀመሪያ በሄርኩለስ ክንፍ ላይ ሞከሩት። ቀጥሎ የሚራዥ ተዋጊ አውሮፕላኖች ታችኛው የክንፍ ቆዳ ላይ የነዳጅ ማንጠፊያ ቀዳዳ ነበር፤ ከሱ ከንፈር ስንጥቅ ይነሣ ስለነበር ዙሪያውን በቦሮን ከበቡት። ነዳጁ እንደ ድሮው በቀዳዳው ይወርዳል፤ ጭነቱ ግን በክሩ በኩል ይዞራል።

ሄርኩለስን ስጠራ የእኛ አካባቢ ሰው ሌላ ነገር ትዝ ይለዋል። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶች መንገድ ወደማይደርስባቸው ደጋዎቻችን እህል በጆንያ ከአየር ላይ ይጥሉ ነበር። የተለጠፉት የአውስትራሊያዎቹ ናቸው፤ አላምታታም። ነገር ግን ከባድ ጭኖ፣ ዝቅ ብሎ፣ በተራራ ነፋስ እየተናጠ የሚበር ክንፍ ምን ያህል እንደሚደክም ለሚያስብ መሐንዲስ፣ ያ ላቦራቶሪ ከወሎ ያን ያህል ሩቅ አይደለም።

ልጥፉ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም እኛ አገር በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ልጥፉ ጭነት የሚወስደው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው፦ ግትር ስለሆነና በደንብ ስለተጣበቀ። ላሜራው ሲለጠጥ ልጥፉ አብሮት ለመለጠጥ እምቢ ይላል፤ እምቢ ባለ መጠን ከቀዳዳው ከንፈር ላይ ሸክም ይቀንሳል። የላስቲክ ልጥፍ እምቢ አይልም፤ ውሃ ይከለክላል እንጂ ጭነት አይከለክልም። ሁለተኛው ማጣበቂያው ነው። ጭነቱ ከላሜራው ወደ ክሩ የሚሻገረው በልጥፉ ጠርዝ አካባቢ ባለች ጠባብ ቦታ ነው፤ ስለዚህ ጠርዙ ድንገት ከተቆረጠ ከዚያ መላጥ ይጀምራል። ባለሙያ ሰው ንብርብሩን ደረጃ በደረጃ እያሳጠረ ጠርዙን ያሳሳዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የብረቱ ንጽሕና። ከታወቁት ፈተናዎች አንዱ ከማንኛውም መሣሪያ የረከሰ ነው፦ ንጹሕ ውሃ ታፈሱበታላችሁ። ውሃው እንደ አንድ ስስ ጨርቅ ከተዘረጋ ብረቱ ንጹሕ ነው። ቅቤ በተቀባ ጠጉር ላይ እንደወረደ ዝናብ ነጠብጣብ እየሠራ ከተንከባለለ ዘይት አለበት፤ እንደገና ጀምሩ።

በደንብ ያልተጣበቀ ነገር ምን እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 1988 ሃዋይ ላይ ታየ። የአሎሃ አየር መንገድ 737 በበረራ ላይ ሳለ የጣሪያው ትልቅ ክፍል ተገንጥሎ ሄደ፤ አንዲት የበረራ አስተናጋጅም ሞተች። የቆዳው መጋጠሚያ የተሠራው በሙጫና በሪቬት አንድ ላይ ሲሆን ጭነቱን ሙጫው እንዲሸከም ታስቦ ነበር። ሙጫው ከዓመታት የባሕር ጠረፍ እርጥበት በኋላ ለቀቀ። ሸክሙ ወደ ሪቬት ቀዳዳዎቹ ዞረ፤ ከየቀዳዳው ትንንሽ ስንጥቆች ተነሥተው ተያያዙ። እንግዲህ ሙጫን የሚያወድስ ሰው ይህንንም አብሮ መናገር አለበት። ሙጫ ከውጭ ሲታይ መልካሙም መጥፎውም አንድ ነው። ብየዳ ቢያንስ ሲከፋ ያስታውቃል።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ነሐሴ 2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ተረከበ። ይህ አውሮፕላን ልጥፍ ያለበት ብረት አይደለም፤ ራሱ አካሉ ክርና ሙጫ ነው። ከክብደቱ ግማሽ ገደማ ኮምፖዚት ሲሆን፣ የመንገደኛ ክፍሉ ግድግዳ የካርቦን ክር በሬዚን ተነክሮ በትልቅ በርሜል መልክ ተጠምጥሞ የተጋገረ ነው። መስኮቶቹ ከቀደሙት አውሮፕላኖች በጣም ይተልቃሉ። ኪርሽን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ድፍረት ነው፤ ምክንያቱም ክር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከተደረደረ በክብ ቀዳዳ ከንፈር ላይ የሚከማቸው ውጥረት 3 ሳይሆን 7 አካባቢ ሊደርስ ይችላል። መፍትሔው ክሩን ማብዛት አይደለም፤ አቅጣጫውን መቀያየር ነው። አንዱ ንብርብር በቁመት፣ አንዱ በአግድም፣ ሌሎቹ በ45 ዲግሪ ወዲያና ወዲህ ይተኛሉ፤ በመስኮቱ ዙሪያ ደግሞ ንብርብሩ ይወፍራል። በብረት ዘመን ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ የሚታሰብበት ነገር፣ በክር ዘመን ገና ሲጠመጠም አብሮ ይወለዳል።

የአውሮፕላኑ ዓይነት በባትሪ ችግር ምክንያት በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታግዶ ሲመለስ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. መንገደኛ ጭኖ በመጀመሪያ የበረረው የእኛው አየር መንገድ ነበር፤ ወደ ናይሮቢ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ ንግሥተ ሳባ የሚል ስም ያላት ኢቲ-ኤኦፒ ለንደን ሂትሮው ቆማ ሳለች ከኋላ ጣሪያዋ ጭስ ወጣ። ውስጧ ሰው አልነበረም። ጭሱን ያዩት ከመቆጣጠሪያ ማማው ነው። ያን ቀን ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው ምስል፣ ጅራቷ ላይ ያለው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሥር የተቃጠለ ጥቁር ጠባሳ፣ የብዙዎቻችንን ሆድ ነው ያባባው። ሰው ሁሉ «እንደገና ባትሪው!» አለ። ባትሪ መሆኑስ ባትሪ ነው፤ ግን ትልቁ አይደለም። አውሮፕላን ሲወድቅ ምልክት የሚሰጠው ትንሽ አስተላላፊ መሣሪያ ባትሪ ነው። የእንግሊዝ የአውሮፕላን አደጋ መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሪፖርት የመሣሪያው ሽቦዎች ተጠላልፈው በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው እንደነበርና እሳቱ ከዚያ እንደተነሣ አመለከቱ።

ለእኛ ርእስ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እሳቱ እንደ ችቦ አልነደደም፤ ቀስ እያለ ጨሰ። ምግቡ ሬዚኑ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ገብተው በእጅ የሚያዘውን የሃሎን ማጥፊያ ቢረጩ አልሆነላቸውም፤ የጣሪያውን ፓነል ገልጠው በውሃ ነው የጨረሱት። ሬዚኑ ሲቃጠል የቀረው ክር ነው፤ ደረቅ፣ ልል፣ እንደ ተተረተረ ጨርቅ። ክር ብቻውን መሳብን ይችላል፤ መገፋትን ግን አይችልም። ስለዚህ ዓይን የሚያየው ቀዳዳ ትንሽ ሆኖ የተጎዳው አካል ግን ከሱ በጣም ሊሰፋ ይችላል። ድንበሩን ለማወቅ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ቀለል ባለ ሥራ ላይ ደግሞ በሳንቲም መታ መታ እያደረጉ ያዳምጣሉ። እናቶቻችን ገበያ ላይ ማሰሮ ሲገዙ በጣታቸው ቆንቆን አድርገው ድምፁን እንደሚሰሙት። ጤነኛው ይጮኻል፤ የተላጠው ያጉረመርማል።

በጊዜው ብዙ ጋዜጣ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ነበር፦ የካርቦን አውሮፕላን እንዲህ ከተጎዳ ይጠገናል ወይስ ይጣላል? ከዚያ በፊት በዚህ መጠን የተጎዳ 787 ተጠግኖ አያውቅም ነበር። ቦይንግ ቡድኑን እዚያው ሂትሮው ልኮ ጠገናት፤ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ተነሥታ ወደ አገሯ መጣች። እኔ ይህን ከትልልቅ የጥገና ታሪኮች አንዱ አድርጌ ነው የማየው፤ ይገርመኛልም፤ ስለ ድሪምላይነር ሲወራ እሳቱን የማያውቅ የለም፤ ጥገናውን የሚያውቅ ግን ስንት ነው? በየመማሪያ መጽሐፋችን የሌሎች አገር ምሳሌ ስናስተምር የራሳችን ንግሥት ሳትነገር ቀረች።

አውሮፕላን የሀብታም ዕቃ ነው ትሉኝ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ኮንክሪት ልውረድ። ስዊዘርላንድ፣ ሉሰርን አጠገብ ኢባክ የሚባል ድልድይ አለ። አንድ ጊዜ የትራፊክ ምልክት ለመትከል ሲበሱት መብሻው ውስጡ ያለውን የተወጠረ የብረት ገመድ ቆረጠው። በ1991 እ.ኤ.አ. ኡርስ ማየርና ባልደረቦቹ የካርቦን ስትሪፕ ከሥሩ ለጥፈው አጠነከሩት። በብረት ቢሠራ 175 ኪሎ ይፈጅ የነበረውን በ6.2 ኪሎ ካርቦን ጨረሱት። በመጀመሪያነቱ የሚጠቀሰው ይህ ሥራ መነሻው አንድ ሳይታሰብ የተበሳ ቀዳዳ መሆኑን ልብ በሉ።

አዲስ አበባስ? በየሳይቱ የምናየው ነው። ሶሌታ ይሞላል፤ ካሳ ፎርማ ይነሣል፤ ከዚያ ቧንቧ ሠራተኛው ይመጣል። የመጸዳጃ መውረጃ የሚያልፍበት ቀዳዳ ፕላኑ ላይ አልተተወም፤ ወይም ተትቶ ቦታው ተቀይሯል። መሮና መዶሻ ይወጣል። አንድ ሕንፃ ላይ ደርሼ ያየሁት፣ ባለቤቱንም ተቋራጩንም አልጠራም፣ አራት ፌሮ ተቆርጦ ጫፉ በሲሚንቶ ተለስኖ ነበር። ፎርማኑ «ቀዳዳው እኮ ተደፍኗል» አለኝ። ተደፍኗል! ሲሚንቶው ቀዳዳውን ሞላው፤ ጭነቱን ግን ማን ይውሰደው? ከአራቱ ማዕዘን በ45 ዲግሪ የሚሄድ ስንጥቅ ጀምሮ ነበር፤ ኢንግሊስ ቢያየው ፈገግ ይል ነበር።

ያኔ ያደረግነው ከሶሌታው ሥር በቀዳዳው አራቱም ጎን 50 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የካርቦን ስትሪፕ መለጠፍ ነው፤ ማዕዘኖቹን አግድም የሚሻገር ጨምረን። የአንዱ ስትሪፕ ስፋት በውፍረት 60 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ 10 ፌሮ 78 ነው። ካርቦኑ በወረቀት ላይ ከፌሮ ብዙ እጥፍ ይበረታል፤ እዚህ ግን ሻጩ የማይነግራችሁ ነገር አለ። ያን ጥንካሬ ግማሹንም አትጠቀሙበትም፤ ካርቦኑ ሳይበጠስ ኮንክሪቱ ቆዳውን ይዞ ይላጣል። ስለዚህ የስትሪፑ ርዝመት ከቀዳዳው አልፎ በቂ መልሕቅ ይፈልጋል። ደግሞም ኢፖክሲ እሳት አይችልም፤ እሳት ቢነሣ ስትሪፑ እንደሌለ ተቆጥሮ ሶሌታው ቢያንስ ራሱን ችሎ መቆም አለበት። ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ «ካርቦን ለጥፈናል» ማለት ከዚያ ፎርማን ሲሚንቶ ብዙም አይሻልም።

አሁን ወደሚያነጋግር ጉዳይ። ባለፉት ዓመታት በየዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለ ቃጫና ስለ እንሰት ክር ኮምፖዚት ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ተሠርቷል። ደስ ይለኛል፤ የጭቃ ቤት ግድግዳን በጭድ ሲያጠነክር የኖረ ሕዝብ ልጆች ነን። አንዳንዶቹ ግን መደምደሚያ ላይ ሲደርሱ ቃጫው በካርቦን ምትክ ብረትን እንደሚጠግን ይጽፋሉ። ቁጥሩን እናስታውስ። የብረት ግትርነት 200 ጊጋ ፓስካል ገደማ ነው። የካርቦን ኮምፖዚት በክሩ አቅጣጫ 130 እና 140 ላይ ይገኛል፤ የቤከር ቦሮን ከብረት ጋር ይስተካከላል። ቃጫ በሬዚን ተይዞ ግን ብዙውን ጊዜ አሥርም አይሞላ። በብረት ላሜራ ቀዳዳ ዙሪያ ቃጫ መለጠፍ ማለት በሬውን ከጥጃ ጋር መጥመድ ነው፤ ቀንበሩን የሚስበው በሬው ብቻ ነው። ክሩ አይረባም ማለቴ አይደለም። የጣውላ፣ የቀርከሃ ፓነል፣ የጭቃ ብሎኬት፣ የጣሪያ ሉህ ግትርነታቸው ለቃጫ ቅርብ ነው፤ እዚያ ላይ ጭነት ይካፈላል። ጓደኛው ማን እንደሆነ መምረጥ ነው እንጂ።

ቃል እንደገባሁት ግራና። መርሳን፣ ወልድያን የሚያውቅ ሁሉ የቆቦ ግራና ሸለቆን ያውቃል፤ ከሥሩ ውሃ ያለው፣ በጥልቅ ጉድጓድ ልማት የተሞከረበት ምድር ነው። የጉድጓዱ ቧንቧ ራሱ ውሃ እንዲገባ ሆን ተብሎ የተቀዳደደ ብረት መሆኑን ልብ ላለው የእኛ ሙያ ከመሬት በታችም ይከተለዋል፤ የኪርሽ ቀመርም በጉድጓድ ዙሪያ ላለው አለት ያው ይሠራል። ከ2013 ወደ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐብሩን ሲያልፍ ደግሞ ማንም ያልነደፈው ቀዳዳ መጣ። ከዚያ በኋላ ስሄድ ጥይት የበሳው የብረት ታንከር፣ በር፣ ቆርቆሮ አይቻለሁ። የጥይት ቀዳዳ ክብ ይመስላል እንጂ ከንፈሩ እንደ አበባ የተቀደደ ነው፤ በየቅዳጁ ጫፍ ኢንግሊስ ተቀምጧል።

አንድ የአካባቢው ወጣት መሐንዲስ «ጋሼ፣ ካርቦን ፋይበር ብናመጣስ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። መልሴ አጭር ነው፤ ለውሃ ታንከር አያስፈልግም። ቅዳጁን በትራፓኖ አስፍታችሁ ክብ አድርጉ፤ ላሜራ ደርባችሁ ዙሪያውን በይዱ። በያጁ አለ፣ ኤሌክትሮዱ አለ፣ ሲከፋም ያስታውቃል። ሙጫና ክር የሚመረጠው ብየዳ በማይሆንበት ነው፦ ነዳጅ የነበረበት ታንከር ላይ ብልጭታ ሞት ነው፤ አሮጌ የድልድይ ብረት አንዳንዱ ብየዳ አይቀበልም፤ ቀን ከሌሊት የሚንቀጠቀጥ ነገር ላይም ብየዳው ራሱ የድካም መነሻ ይሆናል። በእነዚህ ላይ ካርቦን ስትለጥፉ ደግሞ ከብረቱ ጋር በቀጥታ አታገናኙት፤ እርጥበት ሲያገኝ ሁለቱ እንደ ባትሪ ሆነው ብረቱን ይበሉታል። መሃል አንድ ንብርብር የመስታወት ፋይበር ይግባ።

ሌላው የግራና ፀሐይ ነው። ምድጃ ሳያስፈልገው በአየር ሙቀት የሚደርቀው ተራ ኢፖክሲ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። በሚያዝያና በግንቦት ከሸለቆው ፀሐይ የዋለ ጥቁር ብረት ላይ እጁን ያሳረፈ ሰው ቁጥሩን አይጠይቅም። ለዙሪክ የተጻፈ የምርት መመሪያ እዚያ ስንት ያወጣል? ይህን የሚመልስ ፈተና ውድ አይደለም፦ መሃሉ የተበሳ ባለ 6 ሚሊ ላሜራ፣ ግማሹ የተለጠፈ፣ ግማሹ ያልተለጠፈ፣ አንድ በጋ ግራና ጣሪያ ላይ ከርሞ ወደ ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ ላቦራቶሪያችን ተመልሶ እስኪበጠስ መሳብ ነው።

ላሜራው ከመርካቶ ይገኛል፤ የሚያስቸግረው ካርቦኑ ነው። በሬዚን ተነክሮ የሚመጣው የአውሮፕላን ካርቦን፣ ፕሪፕሬግ የሚሉት፣ በማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ተቀምጦም ቀን አለው። ቀኑ ሲያልፍ ለአውሮፕላን አይሆንም፤ ለተማሪ ግን ወርቅ ነው። እዚህ ከምንገናኘው መካከል በአውሮፕላን ጥገና ሥራ ላይ ያላችሁ አላችሁ፤ ከንብረት ክፍልና ከጥራት ቁጥጥር በደብዳቤ ተጠይቆ የሚሰጥበትን መንገድ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ከመምህራኑ ሁለቱ ለናሙናው ዲዛይን ጊዜ እንሰጣለን ብለዋል። የግራናውን ጣሪያ እኔ አዘጋጃለሁ፤ ናሙናው እስከ ጥር መጨረሻ ከደረሰልኝ የሚያዝያው ፀሐይ አያመልጠንም።